የገና ትግል በማይታጠፍ ጉልበት

ደባርቅ ያሰሩኝ በማዳበሪያ ስብሰባ ላይ ተነሥቼ «የማንፈልገውን በግድ አትጫኑብን» ስላልሁ ነው። ምርጫ የቀረበበት ጊዜ ነበርና ያቺ ቃል ተቃዋሚ አደረገችኝ። የክፍሉ በር ሲከፈት የተቀበለኝ ብርዱ ነው። እኔ የጃናሞራ ሰው ነኝ፤ ብርድ ብርቄ አይደለም። ይኸኛው ግን ከሲሚንቶው ተነሥቶ አጥንት ውስጥ የሚገባ ነበር። መስኮት የለ፣ ፀሐይ የለ።

ጥጉ ላይ አንድ ሽማግሌ መሪጌታ ተጠቅልለው ተኝተዋል። በስብከት መንግሥትን ነካክተዋል ተብለው ነው የገቡት። መገጣጠሚያቸው አብጦ ሽንት ቤት የምናደርሳቸው ደግፈን ነበር። «ልጄ፣ ጧት ጧት ፀሐይ ብሞቅ እኮ እነሣ ነበር» ይሉኛል። ጥበቃዎቹን ብንለምን መልሱ «ትእዛዝ የለም» ነው።

ገና ሲቃረብ አንድ አሥር አለቃ በሩ ላይ ቆሞ ጎረረ። እሱም የባላገር ልጅ ነው፤ ትግል ነፍሱ ነው።

«ለበዓሉ የሚገጥመኝ አለ? የጣለኝ ያሻውን ይጠይቀኝ! መፍታት አልችልም እንጂ በእጄ ያለውን አደርጋለሁ።»

ዓይኔ መሪጌታ ላይ አረፈ። «እኔ አለሁ» አልሁ።

«አንተ አንካሳው?» ብሎ ሳቀ። «እሺ። ከወደቅህ ግን እስከ ጥምቀት የእኛን ሽንት ቤት ታጥባለህ።»

በጎረምሳነቴ በአገሬ ጀርባዬን መሬት ያስነካኝ አልነበረም። ኋላ ከገደል ወድቄ ቀኝ ጉልበቴ ተሰበረ። ወጌሻ ጠገነው፤ ግን ከዚያ ወዲህ ከግማሽ በላይ አይታጠፍም። ትግሉንም ያኔ ተውሁት።

ከእኛ ጋር አንድ የዳባት ስፖርት አስተማሪ ነበር፤ ተማሪ አሳምፀሃል ተብሎ የገባ። የሚያሠራው ሰው አጥቶ ሲቁነጠነጥ ነበር የሚውለው። «አሠልጣኝህ እኔ ነኝ!» ብሎ ዘሎ ተነሣ። «በል፣ ስኳት ጀምር! ቁጢጥ፣ ተነሥ!»

«መምህር፣ ይኸ ጉልበት ቁጢጥ አይልም።»

«ይላል እንጂ!»

አንዴ ሞከርሁ። ጩኸቴ ጥበቃውን አስመጣ። መምህሩ ደንግጦ ላብ በላብ ሆነ። ከዚያ ተቀምጠን መከርን፤ እንቢ ያለውን ትተን እሺ ያለውን እናጠንክር ተባባልን። ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ ጉልበቴ እስከፈቀደው ድረስ ብቻ ዝቅ እላለሁ፤ ጭኔ እስኪንቀጠቀጥ እዚያው እቆያለሁ። ተንጋልዬ ወገቤን ወደ ላይ እገፋለሁ። በደህናው እግሬ ቆሜ ውሃ የሞላ ጀሪካን አነሣለሁ። ጀሪካኑ ሲቀለኝ መምህሩ ራሱ ጀርባዬ ላይ ወጣ።

«አይ አንተ! የእስር ቤት ሽሮ እየበላህ ይኸን ያህል ትከብዳለህ?» ስለው ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። መሪጌታም ከጥጋቸው «አይዞህ፣ በርታ!» ይላሉ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እስር ቤት ውስጥ ደስ ብሎኝ ነበር።

«እግርህን ቢጠልፍህስ?» አለኝ መምህሩ አንድ ቀን።

«የትኛውን?»

«አንካሳውን ነዋ!»

«ይጥለፋ! አይታጠፍም እኮ።»

የገና ዕለት፣ ፀሐይዋ ግቢውን ለቅቃ ከሄደች በኋላ አወጡን። መሪጌታን በጋቢ ጠቅልለን በሩ ላይ አስቀመጥናቸው። እስረኛውም ጥበቃውም ከበበን። ተያያዝን። ጎበዝ ነው አሥር አለቃው! ወዲያ ወዲህ ሲያንገላታኝ ትንፋሼ አጠረ። የአገራችን ትግል ልማዱ የታወቀ ነው፤ የደከመው እግር ነው የሚጠለፈው። እሱም ቀኝ እግሬን ከኋላ ጠልፎ፣ እጥፍ ብዬ የምወድቅ መስሎት ክብደቱን ሁሉ ለቀቀብኝ። እግሬ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ቆመ። እሱ በአንድ እግሩ ቀረ። ያኔ በደህናው እግሬ ረግጬ፣ ወገቤን ከሥሩ አስገብቼ አነሣሁትና በጀርባው አነጠፍሁት።

የመንግሥት ፖሊስ ወድቆ ማን ደፍሮ ይሳቅ?

«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ!» አሉ መሪጌታ በዚያ በደከመ ድምፃቸው።

መጀመሪያ የሳቀው ራሱ አሥር አለቃው ነው፤ እወደቀበት ሆኖ። ከዚያማ ማን ይቻለን! እጄን ሰጥቼ አነሣሁት፤ የካፖርቱንም አቧራ አራገፍሁለት።

«በል፣ ምን ትሻለህ?» አለኝ።

ባለቤቴ ትዝ አለችኝ፤ አልዋሽም። የት እንዳለሁ እንኳ አታውቅም ነበር። «ለመሪጌታ ፀሐይ» አልሁት። «ነገ ጧት፣ ግድግዳው ሥር።»

በማግሥቱ ራሱ ወንበር ይዞ መጣ። መሪጌታ ፀሐይዋ ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፈኑና ፊታቸው በራ። ቃሉ ለአንድ ጧት ነበር። እሱ ግን ተረኛ በሆነ ቁጥር በሩን ከፈተ። ጥምቀት ሲደርስ መሪጌታ ያለ ደጋፊ ይራመዱ ጀመር።

ከተፈታሁ ከዓመታት በኋላ ደባርቅ ገበያ ተገናኘን። ዩኒፎርሙን ትቶ በግ ይነግዳል። ተቃቅፈን ቆየን።

«ቃልህ የአንድ ጧት ነበር። ለምን ደጋገምኸው?» አልሁት።

«እንደገና እንግጠም እንዳትለኝ ፈርቼ ነዋ!»

ሳቅን። እሱስ እኔን የሚፈራ አልነበረም። ያለ ትእዛዝ በር የከፈተ ፖሊስ ራሱ ከእኛ ጋር ሊገባ ይችል ነበር፤ ይኸ የገባኝ ቆይቶ ነው። የገናን በግ ከእሱ ነው የምገዛው፤ ዋጋ አልከራከረውም።