ኩርፊያ የተባለችው ብብት

የዚያችን ከተማ ወደብ የሠራው ሰው አይደለም፤ መሬቱ ራሱ ነው፣ ባሕሩን በሁለት ክንዱ አቅፎ። ስሞቹም ከዚሁ የመጡ ናቸው፦ መግቢያው «አፍ»፣ አፉ ላይ የተገተሩት ሁለት ቋጥኞች «ጥርሶች»፣ በቀኙ ክንድ ሥር ገባ ያለችው ነፋስ የማይደርስባት ጥግ ደግሞ «ብብት»። ብብትን «ኩርፊያ» ያሰኛት ግን ካፒቴን ነው።

ካፒቴን ስንል፣ አንዲት ባለሞተር ጀልባ ይዞ ሰው ከወዲህ ወዲያ የሚያሻግር ጨዋታ ወዳድ ሰው ነው፤ ማዕረጉን የሰጡት ጓደኞቹ ናቸው። በተጋቡ ሰሞን ሚስቱ ማታ ማታ ብብት ድንጋይ ላይ ብቻዋን ስትቀመጥ ያዩ ጀልበኞች «ሙሽሪት ምን ሆና ነው?» ቢሉት፣ «ኩርፊያ ላይ ናት!» አላቸው። ተሳቀ። ስሙም በዚያው ጸና።

ልጆቻቸው አድገው ከቤት ከወጡ በኋላ፣ የወደቡ መሥሪያ ቤት በየቦታው የስም ሰሌዳ ሊተክል ጀልበኞቹን ለስብሰባ ጠራ። ሚስቱ ጠዋት ሸሚዙን እየተኮሰችለት፣

«አደራ፣ ብብት በልልኝ» አለችው።

«ምን አስጨነቀሽ? ጨዋታ እኮ ነው።»

«እኔ መቼ አኮረፍኩ? ጥርሶቹን በደህና ማለፍህ የሚታየው ከዚያ ብቻ ነው። እስከ ትናንትም ጀልባህን አይቼ ነው እራት የምጥደው።»

ካፒቴን ክው አለ። «እሺ፣ እነግራቸዋለሁ» ብሎ ወጣ።

ስብሰባው ላይ የብብት ተራ ደርሶ ሊናገር ገና ከመነሳቱ ግን አንዱ ጀልበኛ ቀደመው፦ «ምነው ካፒቴን፣ እትዬን ፈርተህ ስሙን ልታስቀይር ነው እንዴ?» አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። «ስትጠብቀኝ ነበር» ማለት በዚያ ሁሉ ወንድ ፊት አሳፈረው።

«ኧረ ኩርፊያ ይሁን!» ብሎ አብሮ ሳቀ።

ሰሌዳው በሰማያዊ ቀለም ተጽፎ ተተከለ። እሷም ወደ ብብት መሄዷን ተወች። ሲጨንቀው ሲጨንቀው አንድ ምሽት፣ «ነገ ሄጄ አስቀይረዋለሁ» አላት።

«ተወው ካፒቴን፣ ቀለሙ ደርቋል።»

እንደ ጓደኞቹ ካፒቴን ብላ ስትጠራው የመጀመሪያ ጊዜዋ ነበር። ዕድሜ ልኩን በባሕር ወሽመጥ ውስጥ የኖረው ሰው ወሽመጡ ቁርጥ አለ።

አሁን ጥርሶቹን ሲያልፍ ሞተሩን ቀነስ ያደርግና ወደ ድንጋዩ ያያል። ባዶ ነው። ተሳፋሪዎች ሰሌዳውን አንብበው «ማን አኩርፎ ነው?» ሲሉት፣ «ማንም አላኮረፈም፤ ሚስቴ እኔን ስትጠብቅ ነበር» ይላቸዋል፣ ለማያውቃቸው ሰዎች።

ቤቱ ሲደርስ እራቱ አንዳንዴ ገና አልተጣደም፣ አንዳንዴም ቀዝቅዟል።