ማንም የሌለበት ክፍል

ከሸዋ ሮቢት የወጣሁት ሊነጋጋ ሲል ነው። እናቴ ከመንደራችን ከቀወት በባጃጅ ሸኝታኝ መናኸሪያው በር ላይ ቆመች፤ አላለቀሰችም። ሚኒባሱ ሲንቀሳቀስ ብቻ በመስኮቱ፣ "የሰው ቤት ነው፤ ንብረታቸውን ቆጥበሽ ያዥ" አለችኝ። ጣርማ በር ላይ ብርዱ ሲገርፈኝ ያኔ አለቀስኩ።

ለቤት ሠራተኝነት ጅዳ ስገባ ሙቀቱን አልፈራሁትም፤ የቆላ ልጅ ነኝ። ያስደነገጠኝ የቤቱ ብርድ ነው። አየር ማቀዝቀዣውን ሙከይፍ ይሉታል። በሰባቱም ክፍል ቀን ከሌት ይነፋል፤ ሰዎቹ ደግሞ ብርድ ልብስ ተከናንበው ይተኛሉ። እናንተ ቀወት ያላችሁ ብታዩት ምን ትሉ ይሆን እያልኩ ብቻዬን ሳቅኩ።

አንድ ቀን የእንግዳ ክፍሉን መብራትና ሙከይፍ አጠፋሁ። የቤቱ እመቤት፣ ማዳም የምላት፣ ጠራችኝ።

"ማን አጥፊ አለሽ?"

"ማንም የለበትም ብዬ ነው" አልኩ በተሰባበረ አረብኛዬ። "ቆጣሪው በከንቱ ይቆጥራል።"

"የሚቆጥረው ባንቺ ላይ ነው?"

መልሼ አበራሁት። ከምሳ የተረፈውን ሩዝ ከድኜ ፍሪጅ ሳስገባም አየችኝ። "ድፊው። የትናንት ምግብ የምንበላ ድሆች እንመስላለን?" እኛ ጋ እኮ ከአውድማ የተበተነች የማሽላ ፍሬ እንኳ በጣት ትለቀማለች።

የማዳም እናት፣ ሐጃ፣ ከወንበራቸው ሆነው ይሰሙ ነበር። በልጅነታቸው ከጉድጓድ ውሃ ቀድተው በአህያ የጫኑ ሴት ናቸው። ልጃቸው ስትወጣ፣ "ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ሩዙን አምጪው" አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለታችን ሌቦች ሆንን። ሩዙን በሽንኩርትና በቲማቲም አሙቄ አብረን እንበላለን። የደረቀው ዳቦ ሾርባ ውስጥ ይገባል፤ አትክልት ያጠብኩበት ውሃ በረንዳ ላይ ያለችውን ናና ያጠጣል። ልብስ ካልሞላ ማሽኑ አይነሳም። ማዳም ከቤት ስትወጣ ሐጃ በምርኩዛቸው ወደ ማብሪያው እያመለከቱ "አጥፊ" ይሉኛል፤ መኪናዋ ሲሰማ ደግሞ "አብሪ፣ መጣች።" ያን የሚያህሉ አሮጊት፣ በገዛ ልጃቸው ቤት ተደብቀው። እንደዚያ አብሬው የሳቅኩት ሰው በዚህ አገር ሌላ የለኝም።

በሁለተኛው ዓመት ሐጃ ታመው ሆስፒታል ገቡ፤ አልተመለሱም። ለሐዘኑ ሦስት ቀን ሙሉ በግ በሩዝ በትሪ በትሪ መጣ፤ ግማሹ አልተነካም። ማዳም ዐይኗ አብጦ ወጥ ቤት ገባችና፣ "አውጥተሽ ድፊው" አለችኝ።

"ሐጃ ቢኖሩ ለጥበቃዎቹና ለጎረቤት ሠራተኞች ስጪ ይሉ ነበር።" ከአፌ አመለጠኝ።

ትሪውን ወደ እኔ ገፋችው። "ስለ እናቴ አንቺ ልትነግሪኝ ነው?"

ሥጋውን በጥቁር ፌስታል ሞልቼ፣ እየተመላለስኩ ደጅ ያለው የቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ጣልኩት። የሐጃ ሰደቃ ያ ሆነ።

ዐርብ ዕለት ለእናቴ ደወልኩ።

"ስልክሽ ሰንብቶ ዛሬ ገና ሠራ" አልኳት።

"መብራት የለም ልጄ። ከተማ ወጥቼ ነው ቻርጅ ያስደረግኩት። እዚያስ አለ?"

ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ነበር። የሐጃ ክፍል በሩ ወለል ብሏል፤ አልጋው ተነስቷል፣ መብራቱ ይበራል፣ ሙከይፉ ባዶውን ወለል ያቀዘቅዛል።

"አለ" አልኳት።

"አልሐምዱሊላህ" አለች። "እኔማ ጨለማ ውስጥ ትሆኛለሽ ብዬ ነበር የምሰጋው።"