ሽመላዋ መጣች?

ዘይነብ ከጅዳ በየዓመቱ፣ በልግ ሲገባ፣ የድምፅ መልእክት ትልክልኛለች። ጤናዬን፣ ልጆቼን፣ የመካነ ሰላምን ገበያ ትጠይቅና መጨረሻ ላይ «ሽመላዋ መጣች?» ትላለች። እኔም «መጣች» እላለሁ። ዘንድሮ ግን ድምፅዋ አሳሰበኝ። «አባዬ ሕመም ጠንቶባቸዋል። ፎቶዋን አንስተሽ አሳዪልኝ፤ በእሷ ነገር እንዳዘኑ አይሂዱ» አለችኝ።

ሽመላዋን ያወቅናት እኔና ዘይነብ መካነ ሰላም ዘጠነኛ ክፍል ስንማር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጭኮ ቋጥረን፣ ከትምህርት ቤቱ የተፈጥሮ ክበብ የሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ተውሰን፣ ሁለት ሰዓት በእግር ወደ ጥብቁ ረግረግ እንወርድ ነበር። ጠባቂው የዘይነብ አባት አያ ሙሄ ነበሩ። «ወፍ ለማየት ይህን ሁሉ መንገድ? ወፍ ከተማ ውስጥ ጠፋ?» እያሉ ይስቁብናል፤ መነጽሩን ከያዙ ግን አይመልሱትም።

የዚያን ዓመት ጥቂት ካፊያ እንደጣለ ጥንድ ሽመላዎች ረግረጉ መሀል ቄጠማ ከምረው ጎጆ ሠሩ፤ ሁለት እንቁላልም ተጣለ። የዳሩ ሣር ስለደረቀ ግን ከብቱ ወደ መሀል ይገፋ ጀመር። በአገራችን አሮጌ ሣር የሚቃጠለው ደመና ሲከብድ ነው፤ እሳቱን ዝናቡ ያጠፋዋል፣ ለጋው ሣር ወዲያው ያቆጠቁጣል። አያ ሙሄ ሰማዩ መጥቆሩን አይተው «ዳሩ ከለመለመ ከብቱ እሷ ዘንድ አይደርስም፣ ኢንሻአላህ» አሉና ለኮሱት። ክብሪቱን ያቀበልኳቸው እኔ ነኝ።

ደመናውን ነፋስ በተነው። ዳር ሲፈታ መሀል ዳር ይሆናል እንዲሉ፣ እሳቱ ቄጠማውን ይዞ ገባ። መንደሩ ወጥቶ በቅጠል ደበደበው፤ ነበልባሉ ሲጠፋ ሰው ዱዓ አድርጎ ተመለሰ። ለካ እሳቱ ከመሬት ሥር ገብቷል። የረግረግ አፈር የበሰበሰ ሥር ነው፤ ሲደርቅ እንደ ኩበት ውስጥ ውስጡን ይነዳል። በጀሪካን ያፈሰስነው ውኃ ቸስ ብሎ ይቀራል፤ የረገጥነው መሬት ይደረመሳል። ወደ ጎጆው መድረስ አልቻልንም።

ሦስት ቀን ሙሉ ሽመላዋ ጢስ ውስጥ እንቁላሏን ታቅፋ አየናት። መነጽሩን እየተቀባበልን ከማልቀስ በቀር ምንም አላደረግንም።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ያድርጉ እንጂ!» አለች ዘይነብ።

አያ ሙሄ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። «ምን ላድርግ ልጄ? ያረብ፣ ዝናብህን!»

በአራተኛው ቀን ተነስታ በረረች። ዝናቡ የመጣው ከሳምንት በኋላ ነው።

ትናንት ከስንት ዓመት በኋላ ወደ ቦታው ወረድኩ፤ እስከዛሬ «መጣች» ስላት የኖርኩት ሳላይ ነበር። ረግረጉ ደርቆ ባሕር ዛፍ ተተክሎበታል። ፎቶ የሌለበትን ስልኬን ይዤ አያ ሙሄ ቤት ገባሁ። ገና «ሽመላዋ...» ስል እጄን ያዙኝ።

«ተዪው ልጄ። እግሬ እስኪከዳኝ በየዓመቱ እየወረድኩ አይቻለሁ፤ አንድም ጊዜ አልተመለሰችም። ዘይነብን ግን መጣች በያት። ሰው አገር ናት፤ ሆዷን አታባቢያት።»

ደጅ ወጥቼ ድምፅ ላኩላት። «አሳየኋቸው» አልኳት፤ «ደስ አላቸው።»