የደገፈ ቆሞ ያስረዳ

የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ለእረፍት ጎንደር ገባሁ። አማካሪ መምህሬ አስጠንቅቆኝ ነበር፤ ስመለስ ለመመረቂያ ጽሑፌ አንድ የጠራ ጥያቄ ካላቀረብኩ ከጓደኞቼ ጋር አልመረቅም። ርዕሴ ከጎንደር ወጣ ብላ ያለችው የማክሰኝት ከተማ ገበያ ነው። የመጣልኝን ሐሳብ ሁሉ በቁርጥራጭ ወረቀት ጽፌ ምንጣፍ ላይ በተንኩት። ሐሳብ ሞልቶኛል፤ የትኛውን እንደምጥል ነው የጠፋኝ።

እናቴ የቀበሌያችን ሴቶች ማኅበር ሰብሳቢ ነበረች። ብትንትኑን አይታ፣ «ይኼማ ስብሰባ ነው የሚፈልገው» አለች። አባቴ ሱቁን ዘግቶ፣ ማክሰኝት እህል የምትነግደው ታናሽ እህቱም ለምሳ መጥታ ተቀመጡ። አባቴ ሰው ሰምቶ በቀበሌ ስብሰባ ላይ ሹፈት እንዳይመስለው መስኮቱን ዘጋ።

የሚቆየው በድምፅ ብልጫ እንዲለይ ወረቀቶቹን እያነሳሁ አነበብኩ። «የደላላ ሥራ።» ሁሉም እጅ አወጣ። «የአህያ ጭነት።» ሁሉም እጅ አወጣ። «የክረምት መንገድ።» እንደዚሁ። የቀበሌ ስብሰባ የለመደ እጅ መቃወም አያውቅምና ክምሩ እንዳለ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

«ምነው አያ፣ ሁሉንም ደገፍክ?» አለች አክስቴ።

«አንቺስ?»

«እኔማ አንተን አይቼ ነው!»

እናቴ አጨበጨበች። «ሥርዓት! ከእንግዲህ የደገፈ ቆሞ ምክንያቱን ያስረዳል። ያልቻለ እጁን ያውርድ።» ኋላ በጋዜጠኝነት ብዙ ስብሰባ ዘግቤያለሁ፤ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ግን ከሰብሳቢ አፍ ሰምቼ አላውቅም።

እጆቹ ጠፉ። ወረቀቶቹ ወደ ጎን ሲከመሩ ቆይተው፣ «ገበሬው እህሉን በአንዴ ሸጦ ለምን አይገላገልም?» የሚለው ላይ ደረስን።

አባቴ ብድግ አለ። «ዋጋ እስኪጨምር ነዋ!»

አክስቴም ተነሳች። «የምን ዋጋ? አንድ ቁና ይዞ የሚመጣው አማቱን ሊያገኝ፣ ወሬ ሊሰማ ነው። በአንዴ ከሸጠ ነገ ለሚስቱ ምን ብሎ ከቤት ይወጣል?»

«ለወሬ ብሎ ያን ሁሉ መንገድ?»

«አንተ ከሱቅህ ወጥተህ አታውቅም፣ አያ!»

ምሳው ቀዘቀዘ፤ እኔ ጥያቄዬን አገኘሁ። የወደቁትን ወረቀቶች መልሼ እያነሳሁ የአባቴን ሐሳብ የሚደግፈውን በቀኝ፣ የአክስቴን በግራ አስቀመጥኩ። ደላላው ለአባቴ፣ ትንሿ የአህያ ጭነት ለአክስቴ ደረሰች። ለሁለቱም የማይሆነውን ጣልኩት።

መምህሬ ጥያቄዬን አንብቦ «ጻፍ» አለኝ። በምረቃዬ ቀን እናቴ ሰላምታ ሰጥታው ሳትጨርስ ጠየቀችው።

«የልጄን ጥያቄ ሲያጸድቁ ቆመው ነበር?»

«ኧረ ተቀምጬ ነበር፣ እናቴ።»

«አሁን ቆመዋል፤ እስቲ ያስረዱ።»

ሳቀና በአክስቴ ወገን ማስረዳት ጀመረ። አባቴ አላስጨረሰውም።