ድምብላል የሚሸተው ጥቁር ዳቦ፦ ከፓርክዴል እስከ ስቲልስ

ስሙኝማ! ይቺን ቁጭ ብላችሁ ስሙኝ። «አንድ ዳቦ ፍለጋ ከተማውን ሙሉ ዞረ» ብሎ ሊስቅብኝ ያሰበ ካለ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ያንብብ፣ ከዚያ ይሳቅ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግርማና እኔ ቮሮኔዥ የምትባል የሩሲያ ከተማ አብረን ተምረናል። ተምረናል ስል እሱ ጨርሶ ኢንጂነር ሆነ፣ እኔ የትራክተር ትምህርቴን ሁለተኛ ዓመት ላይ ከአስተማሪ ጋር ተጣልቼ ጥዬ ወጣሁ። ግርማ ከዚያ አገር ዲግሪ ብቻ ይዞ አልመጣም፣ ጋልያንም ይዞ መጣ። ጋልያ ሚስቱ ናት። የመጀመሪያው ክረምት ብርዱ ሊገድለኝ ሲል የአባቷን የሱፍ ካልሲ አምጥታ እግሬ ላይ ያጠለቀችልኝ እሷ ናት። ያን ጊዜ ስሜን እንኳ በደንብ አታውቅም ነበር። አሁን ሦስታችንም ካናዳ፣ ፓርክዴል የሚባል ሰፈር አንድ ቢልዲንግ ውስጥ ነን፤ እነሱ አራተኛ ፎቅ፣ እኔ ቤዝመንት።

ጋልያ አረገዘች። እልል ብለን ሳንጨርስ ማስመለስ ጀመራት። ሦስት ሳምንት ሙሉ እህል አልረጋላትም፤ ፊቷ አጥንት ብቻ ቀረ። ሐኪሙ «ዓርብ ጠዋት ትመዘናለች፤ ካሁኑ ከቀነሰች ሆስፒታል አስተኛታለሁ» አለ። ግርማ ዶሮ ሠራ፣ ሩዝ ሠራ፣ አጥሚት ሠራ። ሽታው በር ላይ ሳይደርስ ባልዲዋን ታቅፋለች። ረቡዕ ማታ «ግድ የለም፣ ያማረሽን ንገሪኝ» ብሎ ሲለምናት ዓይኗን ጨፍና «ጥቁር ዳቦ» አለች። «የኛን ዳቦ።»

እኛ ደግሞ አምሮት ምን እንደሆነ እናውቃለን። ነፍሰ ጡር ያማራትን ካጣች ልጁ ላይ ምልክት ይወጣል ሲባል ነው ያደግነው። እኔ አላምንም። ግን ጫማዬን ያጠለቅሁት ወሬው ሳያልቅ ነው።

ረቡዕ ማታ፦ የተቀባው ዳቦ

ሰፈራችን ካለው ትልቁ ሱፐርማርኬት ሄድኩ። «እውነተኛ የሩሲያ ጥቁር ዳቦ» ተብሎ በወርቅማ ቀለም የተጻፈበት ላስቲክ ውስጥ የታሸገ ዳቦ አለ። እየሮጥኩ አመጣሁላት። አንድ ጉርሻ አላመጠች፣ ተፋችው፣ አለቀሰች። «ነጭ ዳቦ ነው፤ በተቃጠለ ስኳር አጥቁረውት ነው» አለች። እኔም ቀመስኩት። ስፖንጅ! ጫማ የሚጠርግ ስፖንጅ!

ዳቦውን ይዤ ተመለስኩ። ማናጀሩ ወጣ።

«ይሄ የሩሲያ ዳቦ አይደለም» አልኩት።

ከላይ እስከ ታች አየኝ። «ከየት ነህ?»

«ከኢትዮጵያ።»

«በቲቪ አይቻለሁ» አለ። «አገርህ ሰው በረሃብ እያለቀ አንተ እዚህ ዳቦ ታማርጣለህ? ደግሞስ አንተ ስለ ሩሲያ ዳቦ ምን ታውቃለህ?»

ካሸሮቹ ሳቁ። ምላሴ ረጅም እንደሆነ የሚያውቀኝ ያውቃል። ያን ጊዜ ግን ዳቦውን ፊቱ አስቀምጬ ወጣሁ። ሌሊቱን ሙሉ ያልመለስኩለትን መልስ ስመልስለት አደርኩ።

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት፦ መነሻ

ሐሙስ ኦፌ ነው። ግርማን ደረጃው ላይ አገኘሁት፣ ወደ ሺፍቱ ሲሄድ።

«የት ነው በጠዋት?»

«ዳቦ ላመጣ።»

«አንተ ልጅ፣ እዚህ አገር የለም በቃ። ተወው።»

«ዳቦ ሳልይዝ ብመለስ ስሜን ቀይረው» አልኩት።

በረዶው ቀልጦ መንገዱ ጭቃ ሆኗል፤ የመንገዱ ጨው ጫማዬ ላይ ነጭ መስመር አስምሯል። ሐዲድ ላይ የሚሄደውን የኩዊን ስትሪትካር ይዤ ወደ ምዕራብ ሄድኩ፣ ሮንሰስቬልስ ወረድኩ። የፖላንዶች ሰፈር ነው። መስኮቱ ሁሉ ቋሊማ ተሰቅሎበታል። ሐሳቤ ቀላል ነበር፦ ፖላንድ ከዚያው በኩል ነው፣ እነዚህም ሩሲያኛ ይችላሉ፣ እግባባለሁ። ሁለት ዓመት እዚያ የተቀመጠ ሐበሻ ብቻ የሚሳሳተው ስህተት! እዚያ ያስተማሩን ሁሉም ወንድማማች ሕዝቦች ናቸው እያሉ ነዋ።

ዳቦ ቤት ገብቼ ባንኮኒው ጋ ያሉትን አሮጊት በሩሲያኛ «ጤና ይስጥልኝ» አልኳቸው።

ሴትዮዋ የያዙትን ቢላ ጠረጴዛው ላይ ጣሉት። «እዚህ ቤት» አሉ በእንግሊዝኛ፣ «በዚያ ቋንቋ ዳቦ አይሸጥም!»

በሩሲያ ግፊት አገራቸው ላይ ወታደር ከነታንኩ መንገድ ከወጣ ገና ጥቂት ዓመቱ መሆኑ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ።

«ይቅርታ እናቴ፣ እኔም ከነሱ ጋር ተጣልቼ ነው የወጣሁት።»

«ታዲያ በነሱ አፍ ለምን ታናግረኛለህ?»

«እንግሊዝኛዬን እየሰሙት አይደል? ይሄ ይሻላል?»

አፋቸውን በመሐረብ ሸፈኑ። እየሳቁ ነው። የጋልያን ነገር ነገርኳቸው። የራሳቸውን ዳቦ መታ መታ አደረጉ። «ይሄ የፖላንድ ነው። ከነሱ ይበልጣል። ግን ነፍሰ ጡር ክርክር አይገባትም፣ ያማራት ያው ያደገችበት ነው። ባትረስት መንገድን ይዘህ ወደ ሰሜን እስከ ስቲልስ ውጣ። ያንን ዳቦ የሚጋግሩት ከኦዴሳ የመጡ አይሁዶች እዚያ ናቸው። እኔ ላክሁህ እንዳትል!» መሐሉ ማርማላታ ያለበት ትኩስ ጥብስ ዳቦ በወረቀት ጠቅልለው እጄ ላይ አስቀመጡ።

ቀትር፦ ወደ ሰሜን

ስትሪትካር እስከ ደንዳስ ዌስት፣ ሰብዌይ እስከ ባትረስት፣ ከዚያ ባስ። ሁሉም በአንድ ትራንስፈር ቲኬት። ባሱ አያልቅም! ሴንት ክሌር፣ ኤግሊንተን፣ ሎረንስ፣ ቀጥሎ ከአውራ ጎዳናው በላይ አለፍን፤ ከሥር መኪናው እንደ ጉንዳን ይርመሰመሳል። ቤቶቹ እያነሱ፣ ሕንፃዎቹ እየረዘሙ፣ ንፋሱ እየባሰ ሄደ። ስቲልስ ስወርድ የሴትዮዋ ጥብስ ዳቦ አልቋል፣ እግሬ ደንዝዟል።

ዳቦ ቤቱን ከአንድ ጫማ ጠጋኝ ሱቅ ጀርባ አገኘሁት። በሩ ላይ በሩሲያኛ የተጻፈ ነገር የለም፤ ያገኘሁት በአፍንጫዬ ነው። ድምብላል! የደረቀ ድምብላልና የኮመጠጠ እርሾ። ቮሮኔዥ ማደሪያችን ጥግ ያለው ዳቦ ቤት ጠዋት ጠዋት እንዲህ ነበር የሚሸተው። ድምብላሉን ሳሸት አገሬን አስታውሼ ያን ዳቦ እወደው ነበር፤ አሁን ደግሞ ያንን አገር አስታወሰኝ። ጉድ እኮ ነው።

ስገባ አራት ሴቶች ተሰልፈዋል። ሦስቱ ዞረው አዩኝ። ጥቁር ሰው ተሳስቶ የገባ ነው የመሰላቸው። እኔ ግን እዚያ አገር ሱቅ ስትገባ የሚባለውን በሩሲያኛ አልኩ፦ «መጨረሻ ማነው?» እዚያ የሰልፉ ጭራ በዓይን አይፈለግም፣ ተራ በቃል ነው የሚያዘው፤ «እኔ ነኝ» የምትልህን ይዘህ ከሷ ቀጥለህ ትቆማለህ።

ወይን ጠጅ ባርኔጣ ያደረጉ ሴትዮ ሳይዞሩ «እኔ ነኝ፣ ከኔ ቀጥሎ አንተ» አሉ። ከዚያ ዞሩ። «የእግዜር ያለህ!» ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ስማቸው ፋይና ነው።

ባንኮኒው ላይ ማንኪያ በክር ታስሮ ተንጠልጥሏል። ልክ እንደዚያ አገር። ማንኪያውን ገልብጬ ይዤ በጀርባው አንዱን ዳቦ ጫን አደረግሁት፤ ሰመጠ፣ ቀስ ብሎ ተመለሰ። ዛሬ የተጋገረ ነው። ጋጋሪው ሚሻ ዱቄት የነካ እጁን አጨበጨበ። «አያችሁ? ካናዳውያኑ ሲገቡ ማንኪያው ለሾርባ ይመስላቸዋል!»

ተራዬ ሊደርስ ሲል ግን ፋይና የመጨረሻዎቹን ሁለት ዳቦዎች ወሰዱ።

«አለቀ» አለኝ ሚሻ። «እርሾው ሌሊቱን ማደር አለበት። ነገ አምስት ሰዓት ና።»

«ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ሚዛን ላይ ትወጣለች!»

«ማን ናት የምትወጣው?» አሉ ፋይና።

ተናገርኩ። አራቱም ሴቶች ከበቡኝ።

«ስንተኛ ወሯ ነው?»

«ሦስት።»

«ልጁ ያንተ ነው?»

«ኧረ የጓደኛዬ!»

«ባሏ ታዲያ የት ሄዶ ነው አንተን የላከ?»

«ሥራ። ኢንጂነር ነው።»

«ኢንጂነር ግማሽ ቀን ፈቃድ አያገኝም?»

«ፋብሪካ ውስጥ ካርቶን ነው የሚጭነው።»

ከኋላ አንዷ «የኔም ባል የልብ ሐኪም ነበር፤ አሁን ፒዛ ያደርሳል» አሉ። ፋይና ከቦርሳቸው አንዱን ዳቦ አወጡ። «ሁለቱንም አልሰጥህም፣ እብድ አይደለሁም። አንዱን ውሰድ።» የገዙበትን አንድ ዶላር ከሩብም ሳያፍሩ ተቀበሉኝ።

ከዚያ ጦርነቱ ተነሳ። አንዷ «በባዶ ሆዷ ጨዋማ ዓሣ ትብላ» አሉ፤ ሌላዋ «ልትገድያት ነው? የኪያር ውሃ ነው መድኃኒቱ!» አሉ። በጨውና በእንስላል የተዘፈዘፈ ኪያር በጠርሙስ ተሰጠኝ። ዳቦውን ላስቲክ ውስጥ ልከተው ስል ፋይና እጄን መቱኝ። «ይላባል! ሻርፕህን አምጣ።» በሻርፔ ጠቀለሉት። አንገቴን ንፋስ እየበላው፣ ዳቦውን እንደ ሕፃን ታቅፌ ወጣሁ።

አሥራ አንድ ሰዓት፦ አራተኛ ፎቅ

ባሱ ውስጥ ሽታው ሰው አስዞረ። እዚያ አገር ዳቦ የተላከ ሰው ጫፏን ሳይገምጥ ቤት አይደርስም። እኔ አልነካሁም። መንገዱን ሙሉ ምራቄን ስውጥ መጣሁ።

ግርማ በር ከፈተ። አፉን ሊከፍት ሲል ጋልያ ከሶፋው ላይ «ዝም በሉ» አለች። አፍንጫዋ ነው የሰማው። ሻርፑን ፈታሁት። ጫፉን ቆርሳ ጨው ነሰነሰችበትና ነከሰች። እኔና ግርማ ባልዲውን ይዘን ቆመናል።

«አትዩኝ!» አለች በዚያ በሚኮላተፍ አማርኛዋ። «ስታዲየም ነው እንዴ?»

ግድግዳ አየን። አሥር ደቂቃ አለፈ። ሃያ ደቂቃ። ባልዲው ባዶ ነው። «ሌላ ቁረሱልኝ» አለች። ከዚያ የኪያሩን ውሃ ጠጣችበት። ግርማ ፊቱን ሊታጠብ ነው ብሎ ባኞ ቤት ገብቶ ቆየ። ሲወጣ ዓይኑ ቀይ ነው፣ ፊቱ ግን ደረቅ። 

ዓርብ ጠዋት ሚዛኑ ላይ ወጣች። አልቀነሰችም። እንደውም በትንሹ ጨምራለች። ሐኪሙ «ምን በላሽ?» ሲላት «ዳቦ» አለችው፤ ሆስፒታል ቀረ። ግርማ ከክሊኒኩ ኮል አድርጎ ሲነግረኝ ቤዝመንት ብቻዬን ጨፈርኩ፤ ጎረቤት ግድግዳ ደበደበ፣ ይደብድብ!

ጉዞው ያስተማረኝ? ትምህርት ከግማሽ የተውኩ ሰው ነኝ፣ ብዙ አልመክርም። ያ አገር ዲፕሎማ አልሰጠኝም ብዬ ሁለቱን ዓመት ከዕድሜዬ ቀንሼው ነበር። ለካ እንዴት እንደሚሰለፉና ማንኪያው በየት በኩል እንደሚያዝ አስተምሮኛል፤ ያቺ ትምህርት አንዲት ሴት ከሆስፒታል አስቀርታለች። ከዚህ ወዲያ ከዕድሜዬ እቆጥረዋለሁ።

ዓርብ ከሰዓት አንዲት ቁራሽ በወረቀት ጠቅልዬ ሱፐርማርኬቱ ሄድኩ። ማናጀሩ አልነበረም። ረቡዕ ስትስቅ የነበረችው ካሸር ነበረች። «ቅመሺ» አልኳት። ቀመሰች፣ ቆመች፣ እንደገና ቀመሰች። «ከየት ነው የምትገዛው?» አለችኝ። አልነገርኳትም! ከጀርባዋ ያ ላስቲክ በወርቅማ ጽሑፉ እንደተደረደረ ነው።

እንግዲህ ለእናንተ ነው፣ ነጭ ዳቦ አጥቁራችሁ «እውነተኛ» ብላችሁ ለምትጽፉት፣ ስንጠይቃችሁም «ረሃባችሁን በቲቪ አይተናል» ለምትሉን፦ ዳቦን የራበው አገር ልጅ ካላወቀው፣ ማን ሊያውቀው ነው? እናንተ?