የእህቴን ቤት ልከራይ ወደ ልደታ

ንጋት፣ ሐዋሳ

ፀሐይ ሳትወጣ መናኸሪያ ደረስኩ። ዱባይ የምትሠራው ታላቅ እህቴ ሠናይት ልደታ ኮንዶሚኒየም ገዝታለች፤ ቤቱ ባዶ ነው። ጠባቂው እኔ ነኝ፤ ሐዋሳ ተቀምጬ ልደታን የምጠብቅ ጎበዝ ዘበኛ። ትናንት ጎረቤቷ እትዬ ጽጌ ደወሉ።

«ዘላለም፣ ቤቱን ልታከራዩት ነው እንዴ? ደላላው በየቀኑ ሰው እያመጣ ያሳያል።»

ወዲያው ለሠናይት ደውዬ ነገርኳት። «ሂድ» አለችኝ።

ረፋድ፣ ባቱ

የተሳፈርኩበት ዶልፊን ሚኒባስ ለቁርስ ቆመ። የተጠበሰ ዓሣ፣ ዳጣ፣ ትኩስ ዳቦ፣ ዝንብ። ሾፌሩ ጉዳዬን ሰምቶ፣ እሾህ ከጥርሱ እያወጣ መከረኝ።

«ባለቤት ነኝ ካልክ ይሰወራሉ። ተከራይ ሆነህ ግባ።»

ለእትዬ ጽጌ ዕቅዱን ነግሬ፣ የደላላውን ስልክ ከሳቸው ተቀብዬ እዚያው ደወልኩለት። ድምፁ እንደ ማር ነው።

ከሰዓት፣ ሜክሲኮ

ሹል ጫማ፣ ማስቲካ፣ ሁለት ስልክ። ደላላው ባቡር ጣቢያው ሥር ተቀብሎኝ ወደ ልደታ በእግር ወሰደኝ።

«ባለቤቷስ?» አልኩት።

«ዱባይ ነበሩ፤ አርፈዋል።»

«ነፍስ ይማር» አልኩ። ሌላ ምን ይባላል? ሟቿ ጠዋት ቁርስ መብላቴን ጠይቃኛለች።

«የሚያከራየው ወንድማቸው ነው። ጨዋ ልጅ።»

ጨዋ በመባሌ ደስ አለኝ።

ልደታ

እትዬ ጽጌ ኮሪደሩ ላይ ምስር ይለቅማሉ። ሲያዩኝ አንገታቸውን ደፍተው ወደ ደረጃው ወረዱ። በሩን የከፈተልን ረጅም፣ ሱፍ የለበሰ ሰው ነው።

«ዘላለም እባላለሁ» ብሎ በገዛ ስሜ ጨበጠኝ።

ስለ እህቱ ሲያወራ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ እንደ እናት አሳድጋዋለች። እኔ ለሠናይት እንዲህ አልቅሼ አላውቅም፤ ትንሽ ቀናሁበት። ከዚያ «ቤቱን ለባለቤቴ ላሳያት» ብዬ በቪዲዮ ደወልኩና ስልኩን ወደሱ አዞርኩ።

«የሞትኩት እኔ ነኝ» አለችው ሠናይት በእርጋታ።

ሰውየው ደላላውን ፈለገ። ደላላው ግን ደረጃው ጋ ደርሶ ነበር፤ እዚያም እትዬ ጽጌ ከብሎክ ኮሚቴውና ከሁለት ፖሊሶች ጋር ጠበቁት። ሁለቱም ተይዘው ወረዱ። አንድ ቀን ዘግይቼ ቢሆን እዚህ ቤት ልጆቹን ይዞ የገባ ምስኪን ይጠብቀኝ ነበር።

የበሩ ቁልፍ እየተቀየረ ሳለ ሠናይት ክፍል በክፍል አዙረኝ አለችኝ። ገዛችው እንጂ ገብታበት አታውቅም። ባዶውን መተዉ እንደማያዋጣ ተስማማን፤ በቅርቡ ያገባችው የእትዬ ጽጌ ልጅ በሕጋዊ ውል ትገባበታለች።

«ቆይ፣ ግድግዳው አረንጓዴ ነው እንዴ?»

«አልነበረም። ሰውየው አስቀብቶታል።»

ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ብዙ አየችው።

«ተወው፣ እንዳታስቀይረው። አንተ ብትሆን ቢጫ ነበር የምታስቀባው።»

እውነቷን ነው።