ጠፋ ያልኩት ጥቁር ገብስ

ተራራው ላይ፣ ጊች መንደር ሳለን ጥቁር ገብስ እንዘራ ነበር። ውርጭ የወረደ ለት ነጩ ገብስ ተኝቶ ያድራል፤ ጥቁሩ ግን ጠዋት ቆሞ ታገኘዋለህ። ቆሎው ሲቆላ ሽታው ከጎረቤት አልፎ ውኃ የምንቀዳበት ድረስ ይወርድ ነበር። ደባርቅ ከሰፈርን ወዲህ ከገበያ የምገዛው ገብስ እንደዚያ አይሸተኝም።

የልጄ ልጅ እዚሁ ኮሌጅ ታስተምራለች። ባለፈው ክረምት አንድ የጥናት መጽሔት ጽሑፍ ልኮ «ገምግሚልን» አላት። የጻፈው ማን እንደሆነ አይነገራትም፤ እሱም ማን እንደገመገመው አያውቅም። ይኼን አሠራር ወደድኩት። እኛ ዘንድ ስንቱ ሽማግሌ የማን ልጅ እንደሆንክ ሳይጠይቅ መፍረድ አይሆንለትም።

እኔ የመሠረተ ትምህርት ተማሪ ነኝ፤ እንግሊዝኛውን እየተረጎመች አነበበችልኝ። ጽሑፉ ስለ ጊች ገብስ ነበር። አንድ ቦታ ስትደርስ ሳቀች።

«እምዬ፣ ጥቁሩ ገብስ ከጊች ፈጽሞ ጠፍቷል ይላል። እርስዎ ቅል ሙሉ አስቀምጠው! ይኼ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ነው የጻፈው።»

ውድቅ ይሁን ብላ መጻፍ ጀመረች።

«ማን ነገረኝ ይላል?» አልኳት።

«አንዲት የጊች ባልቴት።»

አንድ ቀጭን ልጅ ደብተር ይዞ ደጄ የቆመበት ቀን ትዝ አለኝ። ቦታው ፓርክ ነውና ከመንደሩ ትነሳላችሁ የምንባልበት ጊዜ ነበር። ደብተር የያዘ ሁሉ ያለንን መዝግቦ የሚወስድ ይመስለኝ ነበር። «ጠፋ ልጄ፣ ድሮ ቀረ» አልኩት፤ ዘሩ ከአልጋው ሥር ነበር። አመስግኖ፣ ጉልበቴን ስሞ ሄደ።

«የዋሸሁት እኔ ነኝ» አልኳት። «እኔ ዋሽቼ እሱ ይውደቅ?»

«እምዬ፣ ስህተቱን አይቼ ዝም ብዬ ላሳልፈው ነው?»

«አሳልፊው ማን አለሽ? አንዲት ሴት ጠይቆ ፈጽሞ ማለቱ የሱ ጥፋት ነው፤ እሱን ጻፊበት። ተመልሶ ይጠይቅ። ቤቱ ተቀምጦ ጻፈ ያልሽውን ግን ሰርዢ፤ ከቡይት ራስ እስከ ጊች ዳገቱን በእግሩ ነው የመጣው። ለመጽሔቱ አዘጋጅም ባልቴቷ አያቴ ናት በይው።»

«እንዲያ ካልኩ ጽሑፉን ለሌላ ገምጋሚ ይሰጡታል።»

«ይስጡታ።»

አኩርፋኝ ዋለች፤ ግን ጻፈች። አዘጋጁም ስለነገረችው አመስግኖ፣ ግምገማውን ተቀበላት።

ጥቅምት ላይ ያ ባለ ደብተር ልጅ ጊቾች የሰፈርንበትን ጠይቆ መጣ። ጎልምሷል።

«አንድ ገምጋሚ ተመልሰህ ጠይቅ ብሎ አሰቃየኝ፣ እማማ። ልቡ ድንጋይ ነው።»

የልጄን ልጅ ጓዳ ውስጥ ሳል ያዛት።

ቅሉን አውጥቼ መዳፉ ላይ ጥቁሩን ገብስ አፈሰስኩለት። ብዙ ጊዜ አገላብጦ አየው።

«ያን ጊዜ ለምን ደበቁኝ?»

«ፈርቼህ።»

ደብተሩን አወጣ። «እንደዚህ ብዬ ልጻፈው?»

«እንደዚሁ ጻፈው» አልኩት።